የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ዝናብ ከየት ይመጣል?

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ መጽሔት ሲዘጋጅ፣ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች እያንዳንዳችን አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ ተነገረን። ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነቶች ለመጻፍ መረጡ፤ እኔ ግን ስለ ዝናብ መጻፍን መረጥሁ። «ዝናብ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ምክንያቴን አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

ቤታችን በሱሉልታ ሜዳ ዳር ነው። አባቴ ጥቂት ላሞች አሏቸው፤ ኑሯችንም በወተትና በድርቆሽ ላይ የቆመ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መስቀል ካለፈ በኋላ ሰማዩ ጠራና ሣሩ ሁሉ ታጨደ። ነገር ግን ድርቆሹ ገና ሳይከመር፣ በጥቅምት አጋማሽ፣ ያልታሰበ ዝናብ መጥቶ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ዘነበ። ሣሩ በተጋደመበት ጠቈረ፤ ሻገተም። በዚያ በጋ መኖ ስላነሰን አባቴ ቡሬ የተባለችውን ላማችንን ወደ ገበያ ነዷት፤ የተሸጠችበትም ገንዘብ ለቀሩት ላሞች መኖ መግዣ ሆነ።

ዝናቡ በጣለ በሦስተኛው ምሽት አባቴ ከእሳት ዳር ተቀምጠው፣ «አንተ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ስለ ነፋስና ስለ ደመና ያስተምሩሃል አሉ፤ እስቲ በጥቅምት ይህ ዝናብ ከየት መጣ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ትምህርቱን ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ ሆኖም መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ዘግይቶም ቢሆን ለዚያ ጥያቄ የቀረበ መልስ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

የሦስቱ ከተሞች አቀማመጥ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ ተፈጥሮ የሰጠቻቸው ቦታ ግን የተለያየ ነው። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። የወጨጫ ጫፍ 3,391 ሜትር ነው። ቡራዩ በምዕራብ በኩል በአምቦ መንገድ ላይ ናት፤ አጠገቧም ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብ አለ። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በሰሜን በኩል፣ በጎጃም መንገድ ላይ፣ በሰፊ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው። ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች በእንጦጦ ጀርባ ላይ ይለያያሉ። ወደ ሱሉልታ የወደቀው ጠብታ በሙገር በኩል ወደ ዐባይ ይገባል፤ ዕድል ቢቀናውም ሱዳንንና ግብፅን ዐልፎ ከሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ወደ ሰበታና ወደ ቡራዩ የወደቀው ግን በአዋሽ በኩል ወደ አፋር ቈላ ወርዶ፣ ባሕር ሳያይ በበረሃው ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የእኛ ዝናብ ታሪክ የሰፈራችን ታሪክ ብቻ አይደለም።

የቀድሞ ሰዎች ግምት

የዝናባችን ምሥጢር ከእኛ አስቀድሞ ያስጨነቀው የግብፅንና የግሪክን ሰዎች ነበር። በግብፅ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ ዓባይ ግን ሌሎች ወንዞች በሚጐድሉበት በሐሩሩ ወራት ሞልቶ ይፈስሳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ወደ ግብፅ ሄዶ ምክንያቱን ጠየቀ። የሰማቸውን ሦስት ግምቶች ጽፎ ሦስቱንም አልተቀበላቸውም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን ምክንያቱ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በበጋቸው ወራት የሚዘንበው ዝናብ እንደ ሆነ ገመቱ።

ግብፃውያን የወንዙን ከፍታ መለካት ዕለታዊ ሥራቸው አደረጉት። በካይሮ አጠገብ በሮዳ ደሴት በ861 የተሠራው የድንጋይ መለኪያ እስከ ዛሬ ቆሟል። ውሃው ከመጠን ያነሰ እንደ ሆነ ራብ እንደሚመጣ፣ የበዛ እንደ ሆነም ጐርፍ እንደሚያጠፋ ከምልክቱ ያውቁ ነበር። እነርሱ ሳያውቁት የለኩት የእኛን ክረምት ነበር።

ስፔናዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር የዐባይን ምንጭ አየ፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 ግሼ ዐባይ ደረሰ። ብሩስ ምንጩን በማየት ብቻ አልረካም፤ በጎንደር ሲቀመጥ የዝናቡን መጠን እየለካ ጻፈ። በእኔ አስተሳሰብ ምንጩን ካየበት ይልቅ ይህ ሥራው ይበልጣል፤ ምንጭን ማየት የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ዝናብን መለካት ግን የትዕግሥት ሥራ ነውና።

አየር ክብደት እንዳለው መታወቁ

የጥንት ሰዎች ነፋስን ያውቁ ነበር፤ አየር ክብደት ያለው ነገር መሆኑን ግን አላረጋገጡም ነበር። በኢጣልያ የጕድጓድ ውሃ በመሳቢያ የሚያወጡ ሠራተኞች ውሃው ከ10 ሜትር ያህል በላይ አልሳብ እያለ አስቸገራቸው። የጋሊሌዮ ረዳት የነበረው ቶሪቼሊ ነገሩን መርምሮ፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት እንደ ሆነ ተረዳ። በ1643 ከውሃ ይልቅ ከባድ የሆነውን ሜርኩሪ በብልቃጥ ውስጥ ቢሞክር 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቆመ። እነሆ ባሮሜትር የተባለው መሣሪያ ተገኘ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ የእኅቱን ባል ባሮሜትር አስይዞ ወደ ተራራ ላከው። በተራራው ጫፍ ላይ ሜርኩሪው ዝቅ አለ፤ በላዩ ያለው አየር አንሷልና። እኛ እንዲህ ያለውን ፈተና ለማየት ተራራ መውጣት አያስፈልገንም፤ የምንኖረው ከተራራ ላይ ነው። በከተሞቻችን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህም ሜርኩሪው 57 ወይም 58 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማል፤ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እናቶቻችን ሽሮና ባቄላ ሲቀቅሉ ከቈላ ሰው ይልቅ ብዙ የሚቈዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

እርጥበት ደመና የሚሆንበት መንገድ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፀሐይ ባሕርን፣ ሐይቅንና እርጥብ መሬትን ስታሞቅ ውሃ ተን ሆኖ ከአየር ጋር ይቀላቀላል። ተኑ አይታይም። ሞቃት አየር ብዙ ተን ሊይዝ ይችላል፤ ቀዝቃዛ አየር ግን ጥቂት ብቻ። አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ተኑን ሊይዝ የማይችልበት ልክ አለ፤ ይህም የጤዛ ነጥብ ይባላል። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ትርፉ ተን ወደ ጠብታነት ይለወጣል። በሣር ላይ ሲያርፍ ጤዛ፣ ከመሬት አጠገብ ሲንሳፈፍ ጉም፣ ከፍ ብሎ ሲታይ ደመና እንለዋለን።

የስዊስ ሊቅ ደ ሶስዩር በ1783 እርጥበትን በሰው ፀጕር መለካት እንደሚቻል አሳየ፤ ፀጕር ሲርስ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራልና። በ1802 ደግሞ ሉክ ሐዋርድ የተባለ የሎንዶን መድኃኒት ቀማሚ ደመናዎችን በመልካቸው ለይቶ ስም ሰጣቸው፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ የተከመረውን ኩሙሉስ፣ እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈውን ስትራቱስ፣ ቀጭኑንና ከፍተኛውን ሲሩስ አላቸው። የዓለም ሜትሮሎጂስቶች ዛሬም በእነዚሁ ስሞች ይጠቀማሉ።

አየር የሚቀዘቅዘው በብዙ መንገድ ነው፤ ለእኛ ዋናው ግን ወደ ላይ መውጣት ነው። አየር ሲወጣ በላዩ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ደመና ያልሆነ አየር 1,000 ሜትር ሲወጣ 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ይህን በሰበታ እንሞክረው። ከሰዓት በኋላ በከተማው 22 ዲግሪ ሙቀት ቢኖርና የአየሩ የጤዛ ነጥብ 14 ቢሆን ልዩነቱ 8 ነው። ለእያንዳንዱ የልዩነት ዲግሪ 125 ሜትር ያህል ቢታሰብ፣ ደመናው 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ መሠራት ይጀምራል ማለት ነው። ይህም ከወጨጫ ጫፍ ጋር የሚቀራረብ ነው። የሰበታ ሰው «ወጨጫ ባርኔጣውን ደፋ» ሲል፣ ሳያውቀው የሒሳቡን ውጤት መናገሩ ነው።

ደመና ከተሠራ በኋላ ሌላ ኀይል ይነሣል። ተን ወደ ውሃ ሲመለስ ቀድሞ የዋጠውን ሙቀት ይተፋል። አንድ ሊትር ውሃ የሚሆን ተን ሲጠል የሚወጣው ሙቀት ሰባት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ይችላል። ይህ ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ያስወነጭፈዋል፤ ደመናውም እንደ ግንብ ያድጋል። ጠብታዎቹ ከውርጭ በላይ ወደ ሆነው ከፍታ ተወስደው በነፋስ ሲመላለሱ በረዶ ይሆናሉ፤ ነጐድጓድና መብረቅም ከዚያው ይመጣል።

ነፋሶቻችን

እንግዲህ ተኑን ወደ እኛ የሚያመጣው ማነው? እንግሊዛዊው ሃሊ በ1686 ነፋስ የሚነሣው ፀሐይ ምድርን እኩል ስለማታሞቅ እንደ ሆነ ጻፈ። ሃድሊ የተባለውም በ1735 የመሬት መዞር ነፋሶችን ከመንገዳቸው እንደሚያዘነብል ጨመረበት።

በመሬት ወገብ አካባቢ ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱ ነፋሶች ይገናኛሉ። የሚገናኙበት መስመር ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም መስመሩ ከእኛ በስተሰሜን ሲሆን፣ ከአትላንቲክ፣ ከኮንጎ ደንና ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት የተሸከመ አየር ወደ ደጋችን ይመጣል። ተራሮቻችን ወደ ላይ ይገፉታል፤ ክረምትም ይሆናል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥበት በልግን ይሰጠናል። በበጋ ግን ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዐረብ ምድር በኩል፣ ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል።

አባቶቻችን ይህን መስመር በዐይናቸው ባያዩትም ዘመኑን ያውቁት ነበር። ዝናቡ በመስቀል ሰሞን እንደሚቈም በማየት ሥራቸውን ያቀዱ ነበር። የኦሮሞ ሕዝብም በዚሁ ወቅት ክረምቱ ዐልፎ ብራ ሲመጣ በኢሬቻ ያመሰግናል።

በበጋ ሌሊት ሰማዩ ደመና ስለሌለው የምድር ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ ከእንጦጦ ተረተር እንደ ውሃ እየተንቈረቈረ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ይተኛል። ለዚህም ነው በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ የሚታየው፤ በተረተሩ ላይ ያለው ቡቃያ ድኖ በሜዳው ያለው የሚቃጠልበትም ጊዜ አለ።

የአባቴ ጥያቄ መልስም እዚህ ላይ ይገኛል። በጥቅምት ደረቁ ነፋስ ገና ሥር ሳይሰድ፣ አንዳንድ ጊዜ ከሜዲትራኒያን በኩል ቀዝቃዛ አየር በከፍታ ላይ ወደ ደቡብ ጠልቆ ይገባል። በዚያን ጊዜ ከደቡብና ከምሥራቅ ባሕሮች እርጥብ አየር ተስቦ ይመጣል፤ ሁለቱ ሲገናኙም በማይጠበቅበት ወር ዝናብ ይወርዳል። ድርቆሻችንን ያበላሸው ከሁለት የሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነበር ማለት ነው።

ክፉ ቀንና የሩቁ ባሕር

የእኛ ጉዳት የአንዲት ላም ጉዳት ነው። የአገር ጉዳት ግን ከዚህ እጅግ ይከፋል። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከቀዝቃዛውና ነፋስ ከሚበዛበት ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ብዙ ሳይቈይ ታላቁ ክፉ ቀን መጣ። ከ1888 እስከ 1892 በቈየው ራብ የከብት ዕልቂት በሽታ በሬዎችን ፈጀ፤ የ1888 ክረምትም ዝናቡን ነፈገ። በዚያው ዓመት በግብፅ የዓባይ ሙላት በጣም ዝቅተኛ ነበር። ሞፈር የሚጐትት በሬ ጠፋ፤ አንበጣና ተስቦም ተጨመሩበት።

በዚያን ጊዜ ማንም ያላወቀው ምክንያት ከብዙ ዘመን በኋላ ታወቀ። በሕንድ አገር የሜትሮሎጂ አለቃ የነበረው ጊልበርት ዎከር የሕንድ ዝናብ የሚጐድልበትን ምክንያት ሲፈልግ፣ የፓሲፊክና የሕንድ ውቅያኖሶች የአየር ግፊት እንደ ሚዛን አንዱ ሲወጣ ሌላው እንደሚወርድ በ1920ዎቹ አስታወቀ። በ1969 ደግሞ ብየርክነስ የተባለው ኖርዌያዊ ተወላጅ ሊቅ ይህን ሚዛን ኤል ኒኞ ከሚባለው የፓሲፊክ ባሕር መሞቅ ጋር አያያዘው። የፓሲፊክ ውሃ ሲሞቅ ብዙውን ጊዜ የኢትዮጵያ ክረምት ይደክማል። በ1888 እንዲህ ሆኗል፤ ከወሎ ራብ በፊት በ1972ም ሆኗል፤ በ2015ም ተደግሟል።

ነገር ግን ራብን ሁሉ በባሕር ማሳበብ ትክክል አይደለም። ድርቅን የሚያመጣው አየር ነው፤ ድርቁን ወደ ራብ የሚለውጠው ግን የሰው ዝምታ፣ ጦርነትና መዘግየትም ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ራብ መደበቁ ዘውዳዊውን መንግሥት ለውድቀት ካበቁት ምክንያቶች አንዱ እንደ ነበረ በታሪክ ተምረናል። በ1977 ዓ.ም. የሆነውንም ወላጆቻችን አይዘነጉትም። ከዚህ የምንማረው፣ ስለ ሰማይ ማወቅ የሚጠቅመው የታወቀው ነገር ለሰው በጊዜው የተነገረ እንደ ሆነ ብቻ መሆኑን ነው።

በአገራችን የአየር ጠባይ ምርመራ

በኢትዮጵያ ዝናብን በመሣሪያ በየጊዜው መመዝገብ የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። በ1951 አውሮፕላኖች የአየር ጠባይ ማወቅ ስላስፈለጋቸው በሲቪል አቪዬሽን ውስጥ የሜትሮሎጂ ክፍል ተቋቋመ። በ1957 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምርመራ ጣቢያ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በአባ ፒየር ጕዊን መሪነት ተመሠረተ። በ1980 መገባደጃ የሜትሮሎጂ አገልግሎት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ከ1960 ጀምሮም ሳተላይቶች ደመናን ከላይ ሆነው ፎቶግራፍ ያነሣሉ።

ሆኖም ሳተላይት የመሬትን መለኪያ አይተካም። በቡራዩ ዶፍ ሲጥል በሱሉልታ ፀሐይ የምትወጣበት ቀን ብዙ ነው። በተለይም ከተሞቻችን በቤትና በአስፋልት እየተሸፈኑ በመጡበት በዚህ ዘመን፣ ቀድሞ ሣርና ጥቍር አፈር ይጠጣው የነበረው ውሃ ወዲያው ጐርፍ ይሆናል። በወጨጫ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደ ተተከለ ይነገራል። ደኑ ብቻውን ዝናብን አይፈጥርም፤ የወረደውን ዝናብ ግን ይይዛል፣ ለምንጮች ያካፍላል፣ ከቅጠሉም ተን ወደ አየር ይመልሳል። አንድ ንጉሥ ከ500 ዓመት በፊት ያሰቡትን እኛ የሳይንስ ተማሪዎች ብንረሳው ያሳፍራል።

መደምደሚያ

ባለፈው ክረምት በጓሯችን የዝናብ መለኪያ ሠራሁ። ጐኑ ቀጥ ያለ የቆርቆሮ ጣሳና አንድ ማስመሪያ ብቻ ነው። በየማለዳው በአንድ ሰዓት ቁመቱን ለክቼ በደብተር እጽፋለሁ። በጣሳው ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ከተገኘ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ በአንድ ሄክታር ላይ 100,000 ሊትር ወርዷል። አባቴ መጀመሪያ ቢስቁብኝም በኋላ እኔ በሌለሁበት ቀን ራሳቸው መለካት ጀመሩ።

አንድ ምሽት ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ፣ የሁለቱን ሩቅ አገር አየር ነገር ጭምር፣ አስረዳኋቸው። በጸጥታ ሰምተው፣ «ከየት እንደሚመጣ ነገርኸኝ፤ መቼ እንደሚመጣ ግን ገና አላወቅህም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአየር ትንበያ ለጥቂት ቀናት ይረዳል እንጂ የጥቅምትን ዝናብ በመስከረም ቍርጥ አድርጎ አይናገርም። ዘንድሮ አባቴ ሣሩን በአንድ ጊዜ አላጨዱም፤ በሦስት ከፍለው፣ የሬዲዮውን ትንበያ እየሰሙና ሰማዩን እያዩ፣ አንዱን ከምረው ሌላውን አጨዱ። ከዝናብ የተነካው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነበር። ላም አልሸጥንም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል የሰበታ ልጅ ወጨጫን፣ የቡራዩ ልጅ ገፈርሳን፣ የሱሉልታ ልጅ ሜዳውን ይመልከት፤ ያየውንም በቀኑ ይጻፍ። መምህራንም በትምህርት ቤታችን ግቢ አንድ የዝናብ መለኪያ እንዲቆም ቢፈቅዱልን፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች በሚቀጥለው በዓል ላይ ከእኛ የተሻለ ጽሑፍ ይጽፋሉ። ወላጆችም ስለ ዝናብ የምታውቁትን ንገሩን፤ እኛም የተማርነውን እንነግራችኋለን።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ያብብ!